አማት በፈጣን አውቶቡስ

ፈጣኑ አውቶቡስ ከሰበታ ሰሚት በደቂቃዎች መድረስ ከጀመረ ወዲህ፣ እትዬ ውዳላት በየማለዳው ልጃቸው ቤት ይመጣሉ። ይዘውት የሚመጡት ሽሮ ድስቱ ውስጥ ገና ይንተከተካል። አማቻቸው ጌድዮን ግን "መጡ እንዴ?" ብሎ አልጋው ላይ ይገላበጣል። ዱሮ ግማሽ ቀን ተጉዘው ሲመጡ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ነበር የሚቀበላቸው።

እትዬ ውዳላት ቅር አላቸው፤ ወር ሙሉ ቀሩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ጌድዮን በባዶ እግሩ ሮጦ አቀፋቸው።

"ምነው ጠፉ እማማ? መንገዱ እንዴት ነበር?"

እትዬ ውዳላት በነጠላቸው ፊታቸውን እያራገቡ በረጅሙ ተነፈሱ።

"ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ተዘጋግቶ ተዘጋግቶ!"

በከተማው መንገድ መዘጋጋት ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ጌድዮን ግን ዘንቢላቸውን ተቀበላቸው።

"ዛሬማ ያድራሉ። በዚህ መንገድ እንዴት ይመለሳሉ!"