የሰሀል ወንበዴ እንዳይራብ

ሀይደር ሀርጌሳ ውስጥ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባል ሰፈር፣ የጌም ቤት አለው። ስድስት ኮምፒውተርና አንድ የሚያንኮራፋ ጀነሬተር። ከኮምቦልቻ ሀርጌሳ ከመጣ ሰባት ዓመቱ ነው። ከተማው ሁሉ ስለሚገነባ የሲሚንቶ አቧራ ኪቦርድ ውስጥ ይገባበታል፤ በየጠዋቱ በብሩሽ ያጸዳል።

ደንበኞቹ የሚወዱት የባሕር ወንበዴዎችን ጌም ነው። ወንበዴህ መርከቡ ተሰብሮ ባዶ ደሴት ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የጉልበት ነገር ነው። ከስክሪኑ ግርጌ አንዲት አረንጓዴ መስመር አለች። ሲሮጥ፣ ሲቀዝፍ፣ ጎራዴ ሲያነሳ ታጥራለች፤ ሲበላና ሲያርፍ ትረዝማለች። ውሃ መሀል ካለቀች ይሰምጣል። ጌሙን ዘግተህ ብትሄድ እንኳ ረሃቡ አይዘጋም፤ ስትመለስ ወንበዴህን አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ታገኘዋለህ።

ከደንበኞቹ አንዱ፣ ሰሀል የሚባል የሀርጌሳ ልጅ፣ በዚህ ጌም የሚደርስበት አልነበረም። አራት ቁጥር ማሽን የእሱ ነበረች። አንድ ቀን አውሮፓ መሄድ እንደሚፈልግ ለሀይደር ነገረው፤ ሀይደርም የአንድ ሰው አሻጋሪ ደላላ ስልክ ቁጥር ሰጠው። ለደግነት ብሎ ነው፤ ክፉ አላሰበም። ሰሀልም በዚያው ደላላ በኩል መንገድ ጀመረ።

በረጀብ ወር መግቢያ ከትሪፖሊ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ ከሰሀል ጋር አንድ ጀልባ ላይ የነበረ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ጀልባዋ ተገልብጣለች። ሰሀል ከውሃው አልወጣም።

ሀይደር ለማንም አልተናገረም። በአገሩ መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ከሟች ቤተሰብ ደጅ ቆሞ ነው። በሰው አገር ያለ ብቸኛ ሰው መርዶ ተሸክሞ በየትኛው በር ይገባል? እንዲህ እያለ ራሱን አሞኘ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ሀርጌሳ ውስጥ ብቅል የለም፤ ነገሩም ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰሀል አባት አቦኮር በሩ ላይ ቆሙ። ግንበኛ ናቸው፤ በጦርነቱ የፈረሰውን የዳሚ ሰፈር ቤታቸውን በገዛ እጃቸው መልሰው አቁመውታል። በስደቱ ዓመታት ኢትዮጵያ ስለኖሩ አማርኛቸው እንከን የለውም።

«የልጄ ወንበዴ እዚህ ነው አሉኝ» አሉ። «እስቲ አሳየኝ።»

«እሺ አዴር» አለ ሀይደር፤ በአገሬው አጠራር አጎቴ ማለቱ ነው። አራት ቁጥርን ከፈተላቸው። መስመሯ ክር አክላለች።

«ተርቧል» አሉ ሽማግሌው። «አጠገቤ ተቀመጥና አስተምረኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ይመጣሉ። ወንበዴውን ዓሣ ያበሉታል፣ ዛፍ ሥር ያሳርፉታል። ሌላ ነገር አያስደርጉትም።

«አዴር፣ ትንሽ ይዋኝ እንጂ፤ ሀብቱ ያለው ከማዶ ደሴት ነው።»

«ውሃው ይቅርበት» ይላሉ።

ስለ ሰሀል አንድም ቀን አይጠይቁም። ፈርተው ነው ብሎ ሀይደር ይበልጥ ይቃጠላል።

አንድ ጠዋት ማሽኖቹን ሲያጸዳ ወንበዴው አሳዘነውና አበላው። ከሰዓት አቦኮር ሲመጡ መስመሯ ሙሉ ሆና ጠበቀቻቸው።

«ትናንት ግማሽ ነበረች» አሉ። የሚያዩት ስክሪኑን ሳይሆን ሀይደርን ነበር።

«ሰሀል... ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት ገብቶ ይሆናላ» አለ። ካፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ።

ሽማግሌው «አላህ ያውቃል» አሉና ከኪሳቸው ተምር አወጡ። «እንካ ብላ። ከስተሃል።»

ውሸት አንዴ ከተወለደ ቀለብ ይጠይቃል። ሀይደር በየጠዋቱ ወንበዴውን ያበላል፤ አቦኮር በየከሰዓቱ ሀይደርን ያበሉታል። አንድ ቀን ሳምቡሳ፣ ሌላ ቀን በፔርሙዝ የግመል ወተት። ልጃቸው በሕይወት አለ ብለው ደስ ስላላቸው ነው የሚቸሩኝ ብሎ ያስባል። እንቅልፉ ጠፋ። በሰላት መሀል እንኳ ያቺ መስመር ትታየው ጀመር።

ሸዕባን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሰው ሁሉ ይቅርታ በሚጠያየቅበት ሰሞን፣ አቦኮር ሊወጡ ሲሉ ትከሻውን ያዙት።

«ሀይደር፣ አፉ በለኝ።»

«እኔ? እርስዎ ምን በድለውኝ አዴር?»

«ሰው ባያውቅም ይበድላል። እኔም አንተን አፉ ብዬሃለሁ።»

ሀይደር ከዚያ በላይ አልቻለም። ሱቁን ዘግቶ ወደ ኸሊፋ ሄደ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ ልብስ ሰፊ፣ በዕድሜም ለስደተኛው ሁሉ አባት። የደላላውን ስልክ፣ የትሪፖሊውን ጥሪ፣ የወንበዴውን ቀለብ፣ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። ኸሊፋ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«የሰው መርዶ ይዘህ ሁለት ወር? አባት እያባበልክ? አስተግፊሩላህ በል!» ብለው ገሠጹት። ቀጥለውም ሁለት የአገር ሽማግሌዎች አስጠሩ።

በማግስቱ በማለዳ አራት ሆነው ከአቦኮር ደጅ ቆሙ። ሀይደር ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመ። የሚፈራው ስድቡን ወይም ዱላውን አልነበረም፤ የዚያን ደግ ሰው ፊት ሲወድቅ ማየቱን ነበር።

በሩን የከፈቱት የሰሀል እናት ዓሻ ናቸው። አንገታቸውን የደፉትን ሽማግሌዎች አዩ፤ ከኋላቸው ሀይደርን አዩ። ሀይደር ጩኸቱን እየጠበቀ ዓይኑን ጨፈነ።

ዓሻ ወደ ውስጥ ዞር ብለው «አቦኮር፣ ና ውጣ!» አሉ። «ልጁ በመጨረሻ፣ እኛ ድሮ የሰማነውን የሰሀልን መርዶ ሊነግረን መጥቷል፤ ከእንግዲህ እሱን እየጠበቅክ እዚያ ማሽን ፊት መቀመጡ ይበቃሃል።»