የባሽር ማሽን እጀታ

የሳጂዳ አጎት ሙሰዓብ የሟች ወንድማቸውን፣ የአባቷን የባሽርን አሮጌ የማኪያቶ ማሽን በመኪናቸው ጭነው፣ ሊማሊሞን ወርደው ለቁራጭ ብረት ሊሸጡት ነው።

«ባለቤቱ ሞተ፤ እሱም ሞተ» አሏት።

ሳጂዳ ግን ሳምንት ሙሉ በሎሚ ፈትጋ መስታወት አስመስላዋለች። «ፎቶውን ደባርቅ ሁሉ ይየው! ማን ደፍሮ እንደሚጭነው አያለሁ!» አለችና ሶኬቱ እንደተነቀለ በስልኳ አነሳችው።

ማሽኑ ላይ፣ ቡና ሲቀዳ የሚወርደው እጀታ ወደ ላይ ቆሟል፤ ፎቶው ላይ ግን ወርዷል። ደግማ አነሳች። አሁን ደግሞ ፎቶው ላይ፣ ከእጀታው ሥር፣ ግማሽ ድረስ ቡና የተቀዳበት ብርጭቆ አለ።

«አጥፊው!» አሉ ስልኩን ያዩት አጎቷ።

«አላጠፋም! አባዬ ሊማሊሞን የሚወርድ ሾፌር ሳያጠጣ ሸኝቶ ያውቃል?» ባዶ ብርጭቆ አንስታ ከማሽኑ ሥር ደቀነች። «አባዬ፣ ለአጎቴም ቅዳላቸው!»

እጀታው ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወረደ፤ በእጇ የያዘችው ብርጭቆ መሞቅ ጀመረ።