ሁለት መቶ ሺህ ወረፋና የጋሼ ክላሰር

«ሰርቨሩን በደንብ የሚንከባከበው የለም... ችግሩ እሱ ነው» አልኩ።

ዐይኔን በጨው አጥቤ።

ከጠረጴዛው ማዶ ጋሼ ተቀምጠዋል... የሆስፒታሉን ሰርቨሮች፣ ማለትም ዋና ዋናዎቹን ኮምፒውተሮች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁ ሰው።

ቀና ብለው አዩኝ።

እጃቸው ግን አንድ ሰማያዊ ክላሰር ላይ ነበር... እኔም የፈራሁት እሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የላብራቶሪ ውጤት ለሐኪሞች ኮምፒውተር የሚያደርሰውን ሲስተም የሠራሁት እኔ ነኝ። ውጤቶቹ እንደ መልእክት ተራ ይዘው የሚያልፉበት ወረፋ አለ... እኔ ታዲያ ለእያንዳንዱ ታካሚ የየራሱን ወረፋ ከፈትኩ። ታካሚው ድኖ ቤቱ ቢገባም ወረፋው አይዘጋም።

ጋሼ ገና ሲያዩት...

«ልጄ፣ እኔን የሚያሳስበኝ የመልእክቱ ብዛት አይደለም፤ የወረፋው ብዛት ነው። ባዶውንም ቢሆን ሰርቨሩ መጠበቅ አለበት... ይደክማል።»

«ፈትኜዋለሁ ጋሼ። አንድ ሚሊዮን መልእክት ልኬበት ንቅንቅ አላለም።»

«በስንት ወረፋ?»

«...በአሥር።»

ሳቅ አሉ። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

በስድስተኛው ወር ወረፋው ሁለት መቶ ሺህ ደረሰ። አብዛኛው ባዶ።

በደቂቃ ይደርስ የነበረ ውጤት ሦስት ሰዓት ይፈጅ ጀመር... ነርሶቹ ወረቀት ይዘው ደረጃ ለደረጃ ይሮጣሉ። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም።

ስብሰባው የተጠራው ለዚህ ነበር። ክላሰሩን ሳየው ጥፋቴን መዝግበው የመጡ መሰለኝ... ስለዚህ ቀደምኳቸው።

አለቃችን «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲላቸው፣ «ልጁ ይናገር» ብቻ አሉ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ... ያንኑ ደገምኩት።

በሳምንቱ ጋሼን አሰናበቷቸው።

ጠረጴዛቸውን ስረከብ ክላሰሩን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ገለጥኩት።

ክስ አልነበረም።

መፍትሔው ነበር... ታካሚዎቹን ሁሉ በመቶ ወረፋ ብቻ ማስተናገድ፣ ከነሙከራው፣ ከነውጤቱ።

ከላይ «አዘጋጆች» ይላል። መጀመሪያ የእኔ ስም... ቀጥሎ የእሳቸው።

ደወልኩላቸው።

«ጋሼ... ለምን አላወጡትም?»

እንዲህ አሉኝ፣

«‹አጠፋሁ› እስክትል እየጠበቅሁ ነበር ልጄ። እንዲያ ብትል ኖሮ ‹መፍትሔውንም አብረን አግኝተናል› ልላቸው ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የዚያኑ ቀን ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። እኔ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ... ጋሼ ይመለሱ ቢባሉ ግን «ይበቃኛል» ብለው ቀሩ።

ሲስተሙ ዛሬ በእሳቸው መንገድ ይሠራል፤ ፈጣን ነው። ሰው «ጎበዝ» ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ወዳጆቼ... ጥፋታችንን ማመን ባዘገየን ቁጥር ቅጣቱ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። እኔ የዘገየሁት አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ተነስቼ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ።

እናንተ በጋሼ ቦታ ብትሆኑ... በሩን ትከፍቱልኝ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።