ሰባት ጊዜ የታጠበው ሩዝ

«ጋሽ ሽመክት፣ ድንጋዩን ያንሱልኝ» ትለኛለች ሊየን።

አነሳለሁ። ከድንጋዩ ሥር ሳንቃ፣ ከሳንቃው ሥር በሙዝ ቅጠል ተጠቅልለው በክር የታሰሩ ስድስት የሩዝ ጥቅሎች አሉ። ጎናቸው አራት ነው፣ ግማሽ ጡብ ያህላሉ። ከንጋት ጀምሮ ስምንት ሰዓት ተቀቅለዋል። ውሃቸው እንዲወጣ ደግሞ ሁለት ሰዓት ድንጋይ ተጭኗቸዋል።

ሊየን ቬትናማዊት ነርስ ናት። ሸደር የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ትሠራለች፤ ጅግጅጋ ውስጥ ይህን ቤት ተከራይታለች። እኔ በሩን እጠብቃለሁ፣ ደሃቦ ታበስላለች። ሦስታችንም ጓሮ ነን። ደሃቦ ግን ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታን የታጠበ ሰሃን ደግማ ታጥባለች።

ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ዛሬ በሊየን አገር አዲስ ዓመት ነው። እናቷ ባለፈው ክረምት ሞተዋል። ሙታን በዚህ ቀን ወደ ቤታቸው ይመጣሉ፣ ይህ ጥቅል በፎቶግራፋቸው ፊት ይቀመጥላቸዋል ብላ ነግራናለች። ካልተቀመጠላቸው እናቷ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ይህ ዓይነቱ ሩዝ ከኛ ገበያ አይገኝም። ያላት ከአገሯ በሻንጣ ያመጣችው ሁለት ኪሎ ብቻ ነው።

ሥጋም ይገባበት ነበር። ደሃቦ ክርስቲያን ያረደውን አትበላም፣ እኔ ሙስሊም ያረደውን አልበላም። «እንግዲያው ማሾ ብቻ» አለች ሊየን፤ በዚያው ተወችው።

ትናንት ጠዋት ሩዙን ዘፍዝፋ ወደ ሥራ ሄደች። ደሃቦ አንድ እፍኝ ዘግና ለሙከራ ቀቀለች። ተጓጎለ። በእጇ ጨብጣ በር ድረስ አመጣችልኝ። አጎት ለማለት አዴር ነው የምትለኝ።

«አዴር፣ እየው! ሙጫ ሆኗል። መንገድ ላይ ተበላሽቶባታል።»

ደሃቦ የሠርግ ሩዝ ሠርታ የምታድር ሴት ነበረች። በዚህ ከተማ ሩዟ የሚጓጎል ሴት ለሠርግ አትጠራም። የቀረውን በፈላ ውሃ ሰባት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ ዘይት አሸችበት። ተይ አልኳት።

«አንተ በርህን ጠብቅ። ዋላሂ፣ ፍሬ በፍሬ ነው የማደርግላት።»

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ስንጠቀልል ሊየን እግረ መንገዷን አንድ ነገር ተናገረች። ጥቅሉን የሚይዘው የሩዙ መጣበቅ ነው፤ ካልተጣበቀ ቅጠሉ ሲገለጥ ይፈርሳል። የደሃቦ እጅ ማሾው ላይ ቆመ። ከዚያ አቀርቅራ ማሾውን ጨመረች። እኔም ቅጠሉን እንዳይቀደድ እሳት ላይ አሳልፌ እያለሰለስኩ ማቀበሌን ቀጠልኩ። ያኔ መናገር ነበረብኝ።

አሁን ሊየን አንዱን ጥቅል አንስታ ቋጠሮውን ትፈልጋለች። ከኋላዬ ሰሃን ይወድቃል።

«አባዮ፣ ቆይ!»

ደሃቦ ናት፤ አባዮ በሷ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። እጇ አረፋ እንደያዘ ትመጣለች።

«ሩዙን አጥቤዋለሁ። በሙቅ ውሃ፣ ሰባት ጊዜ። ዘይትም አድርጌበታለሁ።»

«ለምን?»

«ሰው እንዳይስቅብሽ ነዋ! እንግዳ መጥቶ የተጓጎለ ሩዝ ሲያገኝ፣ ያውም እኔ ባለሁበት ቤት?»

ሊየን ወደ እኔ ትዞራለች። «እርስዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

ከካራማራ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አመዱን ያነሳል። ሊየን ጥቅሉን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፤ አሁን የማየው ቁጣ አይደለም። ከቁጣ ይከብዳል።

ክሩን ትፈታለች። አንዱን ቅጠል ትገልጣለች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የመጨረሻው ቅጠል ሩዙን ይዞ አልለቅ ይላል። በጥፍሯ ቀስ እያለች ከጥግ ትልጠዋለች። ደሃቦ ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ቅጠሉ ይለቃል። ሊየን ጥቅሉን በመዳፏ ታነሳዋለች። ታዘነብለዋለች። ትገለብጠዋለች።

ሁለት ፍሬ ሩዝ ፊቷ ባለው ሰሃን ላይ ይወድቃል። ሁለት ብቻ። የቀረው አራት ማዕዘኑን እንደጠበቀ መዳፏ ላይ ነው፤ ከቅጠሉ ትንሽ አረንጓዴ ወስዷል።

«ምን ሆነ?» ትላለች ደሃቦ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አዴር፣ ንገረኝ!»

«ራስሽ እዪው።»

ሊየን ክሩን ከጥቅሉ ሥር አዙራ፣ ከላይ አጠላልፋ ትስበዋለች። በቢላ እንደተቆረጠ ለሁለት ይከፈላል። መሃሉ ላይ ቢጫው ማሾ አለ። ትንሽ ቆንጥራ ትቀምሳለች። ታኝካለች፣ ደግማ ታኝካለች።

«የእናቴ ይለሰልስ ነበር» ትላለች። «ይሄ ጠንከር ብሏል።»

«እሱን ተይው! ይዟል ወይስ አልያዘም?»

«ይዟል።»

«አልሐምዱሊላህ!» ደሃቦ መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ትቀመጣለች። «ሰባት ጊዜ አጥቤው! ይሄ ሩዝ ሳይሆን ግትር ሰው ነው። አዴርን ይመስላል።»

ሊየን ትስቃለች። ሳቋ ይቆይና እንባ ይጨመርበታል፤ በክርኗ ትጠርገዋለች። ከዚያ ያልተፈታ ጥቅል መርጣ ወደ ቤት ትገባለች። በመስኮቱ ሳያት ሁለት እጇን አጋጥማ ፎቶግራፉ ፊት ጎንበስ ትላለች። ትከሻዬ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ከትናንት ጀምሮ ሰቅዬው ኖሯል።

ተመልሳ ለሁለታችንም ትቆርሳለች። ደሃቦ በጣቷ ትበላለች፣ ትጨርሳለች። እንድትታጠብ ውሃ ቀድቼ እቆማለሁ። እጇን አትዘረጋም። ሩዝ የነካው አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ ትገጥማለች፣ ሲጣበቁ እያየች ታላቅቃለች፣ መልሳ ትገጥማለች።