ከኋላዎት ስንት ሰው አለ?

መምህር ሕሩይ፣ ኬኔ ስትሳሳት ሊያያት ፈልጎ በኋላ በር ገባና በመስኮቱ በኩል ካለው የመጨረሻ ወንበር ጀርባ ቆመ። ሪከርሽን የተባለውን የፕሮግራም አጻጻፍ ዘዴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚሁ የነቀምት ኮሌጅ እሱ ሲያስተምር ተማሪው ያዛጋ ነበር። ዘንድሮ ትምህርቱ ለራሱ የቀድሞ ተማሪ ለኬኔ ተሰጠ፤ ክፍሉም ይስቃል።

ኬኔ ከመስኮቱ ሥር በተርታ የተቀመጡትን ሰባት ልጆች አስነሣች። "ራሱን የሚጠራ ፕሮግራም እንዲህ ነው" አለች። "ከጀርባችሁ ያለውን 'ከኋላህ ስንት ሰው አለ?' በሉት። በሚነግራችሁ ላይ አንድ ጨምራችሁ ለፊተኛው ንገሩት። ከኋላው ማንም የሌለው ዜሮ ይላል፤ ጥያቄው እሱ ጋ ይቆማል።"

ጥያቄው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ኋላ ደረሰ። የመጨረሻዋ ልጅ ዞር ስትል ሕሩይን አየችው። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "ቲቸር፣ ከኋላዎት ስንት ሰው አለ?" አለችው።

ከኋላው ግድግዳው ብቻ ነበር። "ዜሮ" አለ፣ ለእሷ ብቻ እንዲሰማ።

"ቶኮ" አለች ልጅቷ፣ በኦሮምኛ አንድ ማለቷ ነው። "ለማ" አለ ቀጣዩ። "ሰዲ።" ቁጥሩ እያደገ ሄዶ ከፊተኛው ልጅ አፍ "ቶርባ" ሆኖ ወጣ።

ኬኔ ጠመኔዋን ሰሌዳው ላይ እንዳሳረፈች ቆመች። "ሰባት? ከኋላህ ያሉት እኮ ስድስት ናቸው። አንድ ሰው ተርፏል።"

ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ።