የተማሰለ ውሃ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ በደማሚት ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው ከነቤተሰቡ የሚጠጣው ፍንዳታው ካናወጠው የጎረቤት ጉድጓድ ብቻ ነው። ክንዱ ላይ የታሰረችው አምባር ሌላ ውሃ በቀመሰ ቁጥር ትጮህበታለች።

ይትባረክ ጄሪካኑን ይዞ ሲመጣ የሻረግ ደጃፏ ላይ ጠበቀችው። እሱ ተራራውን ካፈነዳ ጀምሮ ጉድጓዷ የሚሰጣት ጭቃ ነው። ለራሷ አሳድራ፣ የጠለለውን ከላይ ከላይ ትቀዳለች። ለእሱ ግን ማማሰያዋን ባልዲው ውስጥ ሰደደችና ከሥሩ አማሰለችው።

«እትዬ፣ ትንሽ ቢረጋ?»

«ጉድጓዴን ስታናውጥ መች ይርጋ አልክ?»

አንድ ብርጭቆ ጨልፋ ሰጠችው። ሲጨልጠው አሸዋው ጥርሱ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ሰማች፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ይትባረክ ከኪሱ ጡጦ አወጣ። «ልጄም ከዚሁ ነው የምትጠጣው» አለ፣ አቀርቅሮ።

የሻረግ ጡጦውን ተቀብላ ማጀት ገባች። ለራሷ ካሳደረችው የጠለለ ውሃ እስካፉ ሞላችው፤ ለዛሬ የነበራት እሱ ብቻ ነበር። ተመልሳ ጡጦውን ሰጠችውና ብርጭቆውን እንደገና ከባልዲው ሥር ጨለፈች።

«እንካ» አለችው። «የልጅህን ድርሻ ጭቃም አንተ ጠጣላት።»