ጁነይድ የተከላት

መጋዙ የቡናዋን ግንድ ሊነካ ሲል በሺር መዳፉን በመሃል ሰደደ።

«ይቺ ትቅር» አለ።

ሰርካዲስ ቀና አለች። የግብርና ባለሙያ ናት፤ በማለዳ ነው በቡና ላኪው ድርጅት መኪና ከደሴ ወደዚህ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ወዳለው የበሺር ቡና ጓሮ የወረደችው። ያረጀውንና በሽታ የያዘውን ቡና እስከ ጉልበት ቆርጦ እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ለማድረግ መንግሥት ባለሙያ፣ ድርጅቱ ደግሞ መጋዝና ችግኝ አቅርበዋል። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩን ተደግፎ በሺርን ያያል። እሱ ከቆረጠ ሁሉም ይቆርጣል፤ እሱ ካፈገፈገ ሁሉም ወደ ቤቱ ነው።

«አባባ በሺር፣ በሽታው የባሰው እኮ እዚችው ላይ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እሷን ከተውናት አዲሱንም ትጨርሰዋለች።»

«ወላሂ፣ ለኔማ ምን ገዶኝ! እናቱ ናት የማትችለው። ልጃችን ጁነይድ በእጁ የተከላት ናት።»

አጥሩ ጋ ከቆሙት ጁነይድን የማያውቅ አልነበረም። የባድመው ጦርነት በልቶት መርዶው ብቻ መጣ፤ ሬሳው እዚያው ቀረ። በሺር ልጁን አላጠበም፣ አልገነዘም፣ ጀናዛውን በትከሻው አልተሸከመም፣ አፈር አላለበሰም። ይሄ ሆዱን እንደሚበላው ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሚስቱ ረሂማ ከጓዳ በር ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። መጥታ ፊቱ ቆመች።

«በኔ ለምን ታሳብባለህ?» አለችው። ቁጣ አልነበረባትም። «እኔ ልጄን ዛፍ ሥር አልፈልገውም። ዱአ ሳደርግለት ይበቃኛል። መሰናበት ያቃተህስ አንተ ነህ።»

እውነቷን ነበር። በሺር አፈረም፣ አዘነላትም።

«አምጪው ልጄ» ብሎ መጋዙን ከሰርካዲስ እጅ ተቀበለ። «ቢስሚላህ።»

«ሰያፍ አድርገው ይቁረጡት፣ ውሃ እንዳይቋጥር» አለችው። «አንድ ሰው ደግሞ ግንዱን ይያዝ። ዝም ብሎ ከወደቀ የጉቶውን ልጥ ይገሸልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ አያቆጠቁጥም።»

ረሂማ ማንንም ሳትጠብቅ ግንዱን አቀፈችው። መጋዙ ዘልቆ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ ደረቷ ላይ አረፈ። ተንገዳገደች እንጂ አልለቀቀችውም።

ሌላውን ግንድ አጥር ሥር ነበር የሚወረውሩት፣ ለማገዶ። ይሄኛውን በሺር ዝቅ ብሎ ከእቅፏ በትከሻው ተቀበላት። ጎረቤቱ የሱፍ አጥሩን ዘሎ በጫፉ በኩል ገባለት፤ ሌላ ሰውም ተከተለ። ማንም ሳያዛቸው፣ በጀናዛ ወግ ትከሻ እየተቀያየሩ ወደ ደጃፉ አመሩ።

ጥቂት እንደሄዱ የሱፍ ከፊት መጣ። «አምጣ፣ ልቀበልህ» አለው።

በሺር ራሱን ነቀነቀ። ዕንባው እየወረደ፣ ትከሻውን ለማንም ሳይለቅ እስከ ደጃፉ ወሰደው።